ሁለት መለያ ያለው ካሜራ

ካሜራው አልተሰበረም ነበር። ጉዳዩን እንቆቅልሽ ያደረገውም ይኸው ነው።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2006 ነበር። አፕል በጥር ወር ማክቡክ ፕሮን፣ በግንቦት ደግሞ ማክቡክን አስተዋወቀ። ሁለቱም ከስክሪኑ በላይ አንዲት ትንሽ የካሜራ ዓይን ነበራቸው፤ አጠገቧም አንዲት አረንጓዴ መብራት ነበረች። ካምፓኒው ካሜራውን አይሳይት ብሎ ሰይሞታል። በዚሁ ስም በ2003 የወጣው የቀድሞው ካሜራ ለብቻው ተገዝቶ በገመድ የሚሰካ ሲሆን፣ አዲሱ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነበር። ገዢው ኮምፒውተሩን አብርቶ የካሜራውን ፕሮግራም ሲከፍት መብራቷ ቦግ ትላለች፤ የራሱ ፊትም ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ምንም የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረውም።

ከገዢዎቹ መካከል ግን አፕል ባዘጋጀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻ መወሰን ያልፈለጉ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሲስተም ጫኑ። ስክሪኑ በራ፣ ኪቦርዱ ታዘዘ። ካሜራው ግን ጨለማ ሆነ። መብራቷ አትበራም፤ ምስሉም የለም። ያው ሰው ኮምፒውተሩን በአፕል ሲስተም መልሶ ሲያስነሳው ካሜራው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ፊቱን ወለል አድርጎ ያሳየዋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ወደ ሊኑክስ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ጨለማ ነው።

የላፕቶፕ ካሜራ ምስል አልሰጥ ሲል ጥገና የሚያውቅ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ገመዱን ነው። ከካሜራው ተነስቶ በክዳኑ ማጠፊያ በኩል ወደ ዋናው ሰሌዳ የሚወርደው ቀጭን ገመድ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፤ ከጊዜ በኋላም ይላላል ወይም ይበጠሳል። እዚህ ግን ያ ጥርጣሬ አላስኬደም። ገመዱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ በአፕል ሲስተምም ምስል ባልመጣ ነበር። ሌንሱም፣ ሴንሰሩም፣ መብራቷም ደህና ነበሩ። የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጣት ወደ ድራይቨሩ ተቀሰረ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ድራይቨር ነው። በዚያ ዘመን የዌብካም ነገር በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ራስ ምታት ነበር፤ እያንዳንዱ አምራች ካሜራውን በፈለገው መንገድ ስለሚሠራው ለእያንዳንዱ ሞዴል ድራይቨር መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ደግነቱ የዩኤስቢን ደንብ የሚያወጡት ካምፓኒዎች በ2003 ለቪዲዮ ካሜራዎች የሚሆን የጋራ ደንብ አውጥተዋል። ስሙ ዩቪሲ ነው። ይህን ደንብ የሚከተል ካሜራ ሁሉ በአንድ ድራይቨር ሊሠራ ይችላል። ሎረን ፒንሻር የተባለ ፕሮግራመር ይህንኑ ድራይቨር ለሊኑክስ እያዘጋጀ ነበር፤ በአፕል ሲስተም ላይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ አይሳይት የዩቪሲ ካሜራ ነበር። መፍትሔው በእጅ የገባ መሰለ።

ነገር ግን ድራይቨሩ ማክቡኩን ሲፈትሽ ካሜራ የሚባል ነገር አላገኘም።

ታዲያ እዚያ የነበረው ምንድን ነው?

ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ራሱን በሁለት ቁጥሮች ያስተዋውቃል። አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው መለያ ነው። ካሜራው ማክቡክ ውስጥ የተቀበረ ቢሆንም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በዩኤስቢ ስለነበር እሱም እንዲሁ ያደርጋል። በአፕል ሲስተም ላይ ሆነው የተሰኩትን ዕቃዎች ዝርዝር ሲያዩ ካሜራው ራሱን 8501 ይላል። በሊኑክስ ላይ ሆነው ያንኑ ዝርዝር ሲያወጡ ግን 8501 የሚባል የለም። በቦታው ሌላ ዕቃ ተቀምጧል። የአምራቹ ቁጥር ያው የአፕል ነው፤ የዕቃው መለያ ግን 8300 ነው።

አንድ ካሜራ በሁለት መለያ ይጠራ ነበር። እንደ እኔ ከሆነ የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህች ላይ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ዓይቶ ያልፈዋል፤ ለዝርዝሩ ማሟያ የተቀመጠ ይመስለዋልና። ለምን ይለያያል ብሎ የጠየቀ ግን የጨለማውን ምክንያት ደጃፍ ላይ ደረሰ።

ምክንያቱ የተደበቀው ከሴንሰሩ ጋር በተጎዳኘ አንድ ሌላ ቺፕ ውስጥ ነበር። ሳይፕረስ የተባለ ካምፓኒ የሠራው ይህ ቺፕ ኢዜድ ዩኤስቢ ይባላል። ሥራው ሴንሰሩ ያነሳውን ምስል ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ መላክ ነው። በሆዱ ትንሽ ፕሮሰሰር ይዟል፤ ዝርያውም ኢንቴል በ1980 ካወጣው 8051 ከተባለው ፕሮሰሰር የመጣ ነው። ለዚህ ፕሮሰሰር ሥራውን የሚነግረው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። በብዙ ዕቃዎች ውስጥ ፈርምዌሩ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ቦታ ተጽፎ ይኖራል። የአይሳይት ቺፕ ግን ፈርምዌሩን የሚያኖርበት 16 ኪሎባይት ራም ብቻ ነበረው፤ ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይለቃል።

ስለዚህ ካሜራው ማታ ማታ ሙያውን ረስቶ በየማለዳው እንደ አዲስ የሚማር ሠራተኛ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቺፑ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱን 8300 ብሎ ያስተዋውቅና ፈርምዌር እስኪላክለት ይጠብቃል። የአፕል ሲስተም ይህን ያውቃል። ተጠቃሚው ሳያይ፣ ሳይሰማ ፈርምዌሩን ወደ ካሜራው ይልካል። ካሜራው የተላከለትን ተቀብሎ ሥራውን ሲያውቅ 8501 ይሆናል። ሊኑክስ ግን የሚልከው ነገር አልነበረውም፤ ካሜራውም ባዶውን እንደጠበቀ ይቀራል።

መብራቷም ሌንሱም ሲጠብቁ የነበሩት ይህንኑ ነበር። እንቆቅልሹ ተፈታ ማለት ግን ገና ነው። ፈርምዌሩ የት ነው ያለው? እንዴትስ ነው የሚላከው? አፕል ይህን የሚገልጽ ሰነድ አላወጣም።

እዚህ ላይ ዮሃንስ ቤርግ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር ወደ ታሪኩ ይገባል። በሊኑክስ ዓለም ስሙ ከገመድ አልባ ኔትወርክ ድራይቨሮች ጋር ተያይዞ የሚነሳ ሰው ነው። የአፕልን የምንጭ ኮድ የሰጠው አልነበረም፤ ስለዚህ የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ይዞ ወደ ኋላ እየተረተረ አሠራሩን ማወቅ ነበረበት። ይህ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፊቱ ያለው ለማሽን እንጂ ለሰው እንዲነበብ ያልተጻፈ የቁጥር ጎርፍ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው ለካሜራው የሚላክ መልእክት፣ የትኛው ሌላ ነገር እንደሆነ መለየት አለበት።

ፈርምዌሩ የተገኘው አፕል ከሲስተሙ ጋር በሚያቀርበው የዩኤስቢ ቪዲዮ ድራይቨር ፋይል ውስጥ ነበር። ያው ፋይል በእያንዳንዱ የማክቡክ ባለቤት ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ ፈርምዌሩ ውስጡ ተሸሽጓል። አላላኩም ሲገለጥ የሚያስገርም ቅለት ነበረው። መጀመሪያ ለቺፑ ፕሮሰሰር ቁም የሚል ትእዛዝ ይላካል። ከዚያ ፈርምዌሩ በትናንሽ ቁራጭ እየተቆረሰ በየአድራሻው ይጻፋል። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ ይለቀቅና ተነስ ይባላል። ሮናልድ ቡልትዬ የተባለ ሌላ ፕሮግራመር ይህን ቅደም ተከተል ሊኑክስ ሊሠራበት ወደሚችል ኮድ ለወጠው።

ኮዱ ሲሠራ የሆነው ይህ ነበር። የመጨረሻው ትእዛዝ እንደደረሰ 8300 ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ። ዕቃው ገመዱ የተነቀለ ይመስል ከዩኤስቢው ተላቀቀ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ ሲመጣ 8501 ሆኖ ነበር።

አሁን አንድ የሕግ ጉዳይ ተደቀነ። ፈርምዌሩ የአፕል ንብረት ነው፤ ቀድቶ ለዓለም ማደል አይቻልም። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ፈርምዌሩን አላደሉም። ኤቲየን ቤርሳክ የተባለ ፕሮግራመር ተጠቃሚው ራሱ ከገዛው የአፕል ሲስተም ውስጥ ፈርምዌሩን አውጥቶ ለሊኑክስ የሚያመቻችለትን መሣሪያ አዘጋጀ። ይህን ዘዴ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ የሰው ንብረት ሳይነካ ሁሉም በእጁ ባለው ተጠቀመ።

ካሜራው አሁን ሥራውን ያውቃል፤ መለያውም የካሜራ መለያ ነው። የቀረው የዩቪሲ ድራይቨሩ ምስሉን ተቀብሎ ማሳየት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሌላ ግድግዳ ቆሞ ጠበቃቸው።

ቪዲዮ በዩኤስቢ ሲጓዝ አንድ ላይ ተጠቅልሎ አይመጣም፤ በብዙ ፓኬት ተከፋፍሎ ይመጣል። ተቀባዩ ፓኬቶቹን ቀጣጥሎ ሙሉ ምስል ለመሥራት አንዱ ምስል የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ ማወቅ አለበት። የዩቪሲ ደንብ ለዚህ ብሎ ፓኬቶቹ በሚሸከሙት በእያንዳንዱ የዳታ ጭነት ራስጌ ላይ አጭር መግለጫ እንዲቀመጥ ያዝዛል። አይሳይት ሌላውን የደንቡን ክፍል በአብዛኛው አክብሮ ይህችን ብቻ ሳያከብር ቀረ። ለአንድ ሙሉ ምስል አንድ መግለጫ ብቻ ይልካል፤ እሱንም ለብቻው በአንድ ፓኬት። ተከትለው የሚመጡት ፓኬቶች ያለምንም ምልክት የምስል ዳታ ብቻ ናቸው። በደንቡ መሠረት የሚያነብ ድራይቨር ከእያንዳንዱ ጭነት መጀመሪያ ላይ መግለጫ እፈልጋለሁ ሲል የሚያገኘው የምስሉን ቁራጭ ነው። የሰው ግንባር ወይም የግድግዳ ቀለም የሆነውን ቁጥር እንደ መመሪያ ያነበዋል። እንዲህ ካነበበ ደግሞ ምስል ሊወጣው አይችልም።

ኢቫን ዝላቴቭ የተባለ ፕሮግራመር በ2006 እና በ2007 የያዘው ሥራ ይህ ነበር። ከካሜራው የሚፈስሰው ነገር ያለማቋረጥ ይለዋወጣል፤ ሰው ከፊቱ ሲንቀሳቀስ፣ ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ ቁጥሮቹ አብረው ይለዋወጣሉ። በዚያ ሁሉ ተለዋዋጭ መካከል ግን አንድ የማይለወጥ ነገር ነበር። በእያንዳንዱ ምስል መባቻ ላይ ያው የቁጥር ሰልፍ ይመጣል፤ መጀመሪያ 11223344፣ ከእሱ ቀጥሎ ስምንት ባይት የሚይዝ ሌላ ሰልፍ።

ያ ሁለተኛው ሰልፍ ለፕሮግራመር ዓይን እንግዳ አልነበረም። ኮምፒውተር ላይ ቁጥር የሚጻፍበት የአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ከዘጠኝ በላይ ላሉት ስድስት የላቲን ፊደላትን ስለሚጠቀም ፕሮግራመሮች በቁጥር ቃል መጻፍ ለምደዋል። ዴድቢፍ የሚለው ከነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው፤ በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በቀላሉ እንዲታይ ሲባል ከጥንት ጀምሮ እንደ ምልክት ሲያገለግል ኖሯል። አይሳይት ውስጥ የተገኘው ዴድቢፍ ዴድፌስ የሚል ነበር። የካሜራውን ፈርምዌር የጻፈ አንድ ሰው የምስሉ መጀመሪያ እዚህ ነው የሚል ምልክት በገዛ እጁ አኑሮ ሄዷል።

ዕድል የሚባለው ይህ ነው። ምልክቱ እንደማንኛውም ተራ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ከምስሉ ዳታ መለየት እጅግ ባስቸገረ ነበር። አሁን ግን ድራይቨሩ የሚጠበቅበት ነገር ግልጽ ሆነ። ያንን ሰልፍ ይጠብቃል፤ ሲያየው አዲስ ምስል ይጀምራል፤ እስኪደገም ድረስ ያለውን ሁሉ ለዚያ ምስል ያጠራቅማል። ከምልክቱ በኋላ ያሉት 16 ባይቶች ምን እንደሚሉ ማንም አላወቀም፤ በሊኑክስ ኮድ ውስጥ አጠገባቸው የተጻፈው ማብራሪያ ያልታወቀ የሚል ነው። ማወቅም አላስፈለገም። በማክቡኩ ስክሪን ላይ፣ በሊኑክስ፣ 640 በ480 ነጥብ የሆነ የሰው ፊት መጣ፤ አረንጓዴዋም መብራት አብራ በራች።

በ2008 ማቲው ጋሬት የተባለ ፕሮግራመር ፈርምዌሩን የሚልከውን ድራይቨር አስተካክሎ ጻፈውና የሊኑክስ አካል ሆነ። ድራይቨሩ ቺፑን ያቆማል፤ ፈርምዌሩን በአንድ ጊዜ ከ50 ባይት ሳይበልጥ እየቆረሰ ይልካል፤ ከዚያ ቺፑን ያስነሳዋል። ጋሬት ከኮዱ ራስ ላይ አላላኩን ያገኘው ዮሃንስ ቤርግ መሆኑን፣ መነሻው ኮድም የሮናልድ ቡልትዬ መሆኑን ጽፎ አኖረ። የፒንሻር ድራይቨርም በዚያው ዓመት ወደ ሊኑክስ ገባ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ማክቡክ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ጨለማ ካሜራ የገጠመው ሰው ምርመራው አጭር ሆነለት። ዝርዝሩ 8300 ካለ የጎደለው ፈርምዌሩ ነው፤ 8501 ብሎ ምስል ከሌለ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ካሜራውን ይዞት እንደሆነ ወይም ተጠቃሚው ፈቃድ አጥቶ እንደሆነ ይታያል። ሁለቱም መለያ ከሌለ ያኔ ገመዱን መፈተሽ ነው።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሳይጠየቅ ያለፈ አንድ ጥያቄ አለ። ካሜራው ፈርምዌሩን ከቤርግና ከጓደኞቹ እጅ ሲቀበል ማን ናችሁ አላላቸውም። ከአፕል የተላከ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ፊርማ አልጠየቀም፤ የመጣለትን ተቀብሎ ተነሣ። ታዲያ ሌላ ሰው፣ ሌላ ፈርምዌር ይዞ ቢመጣስ?

ጥያቄው ለምን እንደሚከብድ ለማየት ወደ አረንጓዴዋ መብራት መመለስ ያስፈልጋል። በ2010 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሎወር ሜሪየን በተባለ የትምህርት አስተዳደር ውስጥ አንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አስተዳደሩ ለተማሪዎቹ ማክቡክ አድሎ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ተማሪዎቹ በማያውቁት ሁኔታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችንና የስክሪን ምስሎችን ሰብስቦ ተገኘ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ስትል አይተው ጠይቀው ነበር፤ የቴክኒክ ችግር ነው ተብለው ተመለሱ። ችግር አልነበረም፤ መብራቷ እውነቱን ተናግራ ነበር። እነዚያ ልጆች የነበራቸው ብቸኛ ምስክር እሷ ነበረች።

ምስክሯ ዝም ልትሰኝ ትችላለች ወይ የሚለውን የጠየቁት ቦልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማቲው ብሮከርና ስቲቨን ቼኮዌይ ናቸው። የያዙት ያንኑ ካሜራ ነበር፤ 2008 ሳይደርስ በወጡት ማክቡኮችና አይማክ በተባሉት የአፕል ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረውን የመጀመሪያውን አይሳይት።

ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችል ነበር። መብራቷን የሚያበራት ፈርምዌሩ ቢሆን ኖሮ ያንን መስመር ከፈርምዌሩ መደምሰስ በቂ ነው። ካሜራውን ሲመረምሩ ግን የአፕል መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው እንዳሰቡበት ተረዱ። መብራቷ የፈርምዌር ጥገኛ አልነበረችም። ማይክሮን የተባለው ካምፓኒ የሠራው ሴንሰር ስታንድባይ የሚባል እግር አለው፤ በዚያ እግር ተኛ የሚል ምልክት ሲደርሰው ሥራ ያቆማል። መብራቷ በቀጥታ ከዚያው መስመር ጋር ታስራለች። ሴንሰሩ ተኛ ሲባል መብራቷ ትጠፋለች፤ ተነስ ሲባል ትበራለች። መብራት ሳይኖር ምስል እንዳይኖር ነገሩ በሽቦ ታስሯል፤ በሶፍትዌር የሚነካ ምንም ነገር ያለ አይመስልም።

ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለስ ነበር፤ ለመመለስም በቂ ምክንያት ነበረው። ንድፉ ጥሩ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ጥያቄውን አገላበጡት። ሽቦው የሚያረጋግጠው መብራቷ በጠፋች ጊዜ ሴንሰሩ ተኛ መባሉን ነው። መባሉን እንጂ መተኛቱን አያረጋግጥም።

ሴንሰሩ በውስጡ ብዙ ማስተካከያዎች ነበሩት፤ የብርሃን መጠን፣ የቀለም ሚዛንና የመሳሰሉት፤ እነዚህን ፈርምዌሩ በሌላ የውስጥ መስመር በኩል ይለዋውጣቸዋል። ከነዚያ መካከል አንዱ ሴንሰሩ የስታንድባይን ምልክት ችላ እንዲል የሚያደርግ ነበር።

የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነበር። አዲስ ፈርምዌር ጻፉ። ይህ ፈርምዌር የስታንድባይን መስመር ዘወትር ተኛ በሚለው ላይ ያቆየዋል፤ ስለዚህ መብራቷ ፈጽሞ አትበራም። በሌላው መስመር ደግሞ ለሴንሰሩ የዚያን ምልክት አትስማ ይለዋል። ቺፑ እንደ ልማዱ ማን እንደላከው ሳይጠይቅ ፈርምዌሩን ተቀበለ። ካሜራው ምስል መላክ ጀመረ፤ መብራቷ ግን እንደጠፋች ቀረች።

ከዚህም የባሰው ይህን ለማድረግ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ መሆን አለማስፈለጉ ነበር። ተራ ተጠቃሚ የሚያስኬደው ተራ ፕሮግራም ፈርምዌሩን ሊልክ ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ አንድ እርምጃ ገፍተው ካሜራውን ኪቦርድ ነኝ እንዲል አደረጉት፤ ኮምፒውተሩም አመነው፤ ካሜራው የላከውን ፊደል ሰው የተየበው መስሎት ተቀበለ። አንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚነሣ ዕቃ የተባለውን ሁሉ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታየ።

ግኝታቸውን መጀመሪያ ለአደባባይ አላወጡትም። ሐምሌ 16 ቀን 2013 ለአፕል የደኅንነት ክፍል አሳወቁ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣት ሴቶችን ኮምፒውተር ሰብሮ በካሜራቸው ሲቀርጽ የነበረ አንድ ወጣት ተይዞ ነበር፤ ከተጠቂዎቹ መካከል በዓመቱ የታዳጊ ወጣቶች የቁንጅና ውድድር ያሸነፈችው ልጅ ነበረችበት፤ የካሜራዋ መብራት በርቶ አይታ እንደማታውቅ ተናግራለች። በታኅሣሥ የሁለቱ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ሲወጣ ጋዜጦች ያነሱት ይህንኑ ነበር። መብራቷን ዓይቶ መተማመን የለመደ ብዙ ሰውም የካሜራውን ዓይን በፕላስተር የሚሸፍኑትን ሰዎች እንደ ተጨናቂ ማየት አቆመ። የላፕቶፕ አምራቾችም ውለው አድረው በካሜራው ላይ የምትንሸራተት መሸፈኛ መሥራት ጀመሩ፤ ሌኖቮ በ2018 በቲንክፓድ ሞዴሎቹ ላይ አወጣት። ዛሬ ካሜራዬ ጨለመ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሸፈኛዋን ከፍተሃል ወይ ተብሎ ነው።

ብሮከርና ቼኮዌይ ቀዳዳውን አሳይተው ብቻ አልሄዱም። ከጽሑፉ ጋር አይሳይትዲፌንደር የሚባል መከላከያ አዘጋጁ። ሥራው አንድ ነው፤ ተራ ፕሮግራሞች ወደ ካሜራው ፈርምዌር የሚልኩበትን የዩኤስቢ ትእዛዝ ያግዳል። በጨለማው ካሜራ ዘመን ቤርግ ያገኘው፣ ቡልትዬ በኮድ የጻፈው፣ ጋሬት በሊኑክስ ውስጥ ያኖረው ትእዛዝ ያው ነው።

ጥያቄው ግን ከዚያ አሮጌ አይሳይት ጋር አላረጀም። በ2024 አንድሬ ኮኖቫሎቭ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ በ2012 የወጣውን ቲንክፓድ ኤክስ230 የተባለ ላፕቶፕ ይዞ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። በዚያ ካሜራ ላይ መብራቷ ከሴንሰሩ ጋር በሽቦ አልታሰረችም፤ የምትታዘዘው ለፈርምዌሩ ነው። ፕሮሰሰሩ እንደ አይሳይቱ የ8051 ዝርያ ነበር። ልዩነቱ ማኅደሩ ላይ ነው። የአይሳይት ፈርምዌር ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ ክፉውን ፈርምዌር ያስለቅቀዋል። ኤክስ230 ግን ፈርምዌሩን የሚያኖረው ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር ላይ ስለሆነ፣ በዩኤስቢ በኩል የተጻፈበት ነገር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢበራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተደምስሶ እንደ አዲስ ቢጫንም እዚያው ካሜራው ውስጥ ይቆያል።